ቅዳሜ ይለፍላት

አገር ቤት በቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ላይ የቀረብንበትን ቪዲዮ ልጆቻችን አሁን ዩቲዩብ ላይ እያዩ በልብሳችን ይስቃሉ። እኔም ጓደኛዬም አላሸነፍንም። እሷ አራተኛ ወጣች፣ እኔ አምስተኛ። በመሃላችን ያለው አንድ ደረጃ ነው፤ እኔ ግን ያቺን አንድ ደረጃ ይዣት ውቅያኖስ ተሻግሬ አሜሪካ ገባሁ። እሷ አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ የጥርስ ሐኪም ቤት ተቀምጬ ቀጠሮ እይዛለሁ። በየሰርጉ አብረን እንዘፍናለን። እህትሽ ናት ወይ ሲሉኝ አዎ እላለሁ። ውሸት አልነበረም፤ እህትም ትቀናለች።

ባለፈው ዓመት እዚህ ያለ አንድ የአማርኛ ቴሌቪዥን የየዘመኑን ተወዳዳሪዎች ሰብስቦ ላጋጥማችሁ አለ። ስምንት ነበርን። ሁለት ሁለት ሆነን እንዘፍናለን፣ አዳራሽ ያለውም ቤቱ ሆኖ የሚያየውም ሰው በስልኩ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ዙር ሁለታችንም አለፍን። ቀጥሎ ዕጣ ሲወጣ እርስ በርስ ደረሰን፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ የሰርግ አዳራሽ ውስጥ። እሷ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ቤቴ ገብቼ ግን ጉሮሮዬ እስኪቆስል ተለማመድኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ የጓደኛዬ ወንድም ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። «እናታችን አረፈች፣ ዛሬ ቀበርናት» አለኝ። «አደራ፣ ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ። ሰው ሰብስባችሁ አርዷት።»

መርዶ በስልክ አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል። ስለዚህ ለእድራችን ሊቀመንበር ደወልኩላቸው፤ እንደ አባት የምናያቸው ትልቅ ሰው ናቸው።

«ነገ ማለዳ ብናረዳት ምን ይመስልሻል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ውድድር አለባት። ቅዳሜ ይለፍላትና እሁድ ማለዳ ይሁን።»

«ተባረኪ ልጄ። አስተዋይ ነሽ።»

አስተዋይ! ዓርብ ብናረዳት ቅዳሜ አትመጣም፤ ካልመጣች ደግሞ እኔ ሳትገጥማት አለፈች ልባል ነው። እኔ የፈለግሁት ካሜራ እየቀረጸ፣ ሕዝብ እያየ፣ ፊት ለፊት ገጥሜ ማሸነፍ ነበር። ያኔ ይህን ለራሴም አልነገርኩትም። ለእሷ ያዘንኩ መስዬ አወራሁ፣ ካወራሁ በኋላም አመንኩት።

ሰው ለመሰብሰብ ለሰው መንገር ግድ ነው። እድሩ ዓርብን ሲደዋወል ዋለ፤ ከፌርፋክስ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ያልሰማ አልቀረም። ማንም ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፍ ተማማልን። ይህን ያህል ምስጢር መጠበቅ የምንችል ሰዎች መሆናችንን አላውቅም ነበር። ቅዳሜ አዳራሹ ሲሞላ ሳታውቅ የገባችው እሷ ብቻ ነበረች።

መልበሻ ክፍል ስትደርስ ፊቷ በርቷል። በር ላይ ሴቶቹ እየተቀባበሉ አቅፈዋታል፣ አንዷማ ጉንጯን ይዛ አልለቅም ብላታለች።

«ሰዉ ዛሬ ምን ነክቶታል? እንደዚህ ተወድጄ አላውቅም እኮ! ኢትስ ክሬዚ!» አለችኝ።

የተዛነፈ ሊፒስቲኳን አስተካከልኩላት። ሌላ የማደርገው ጠፋኝ።

እኔ ቀድሜ ዘፈንኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዘፍኜ አላውቅም፤ ይህን ዛሬም አልክድም። የተጨበጨበልኝ ግን ለጨዋነት ያህል ነበር። ቀጥላ እሷ ወጣች፣ ማይኩን ያዘችና «ይቺን ለእናቴ። በሳተላይት እያየችኝ ነው» አለች። ወንድሟ ቢጨንቀው እንዲህ ብሏት መሆን አለበት። ፊት ረድፍ የተቀመጠች አንዲት ሴት «ውይ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አጠገቧ ያለችው ተከተለች፣ ከዚያ ረድፉ በሙሉ። ወንዶቹ መነጽራቸውን አወለቁ። እሷ ደግሞ ሰው ሲያለቅስ ባየች ቁጥር ድምፅዋን ይበልጥ ከፍ ታደርገዋለች። አስተያየት ከሚሰጡት ዳኞች አንዱ፣ እሱም የእድራችን አባል፣ ዓይኑን እየጠረገ «እንደ ዛሬ ያስለቀሰኝ ዘፋኝ የለም» አላት። አልዋሸም።

ውጤቱ ሲነገር እሷ አሸነፈች፤ እኔ አጠገቧ እንኳ አልደረስኩም። ከእሷ ጋር ልገጥም መጥቼ ከሬሳ ጋር ገጠምኩ፣ ብዬ አሰብኩ። አዎ፣ እንዲህ ነው ያሰብኩት። በንዴት ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ በደስታዋ ያለቀስኩ መስሏት እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ። ከሽንፈቱ ይልቅ ያ መሳም እስካሁን ያቃጥለኛል።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ከአፓርትመንቷ ፊት ለፊት ፓርኪንጉ ላይ ተሰበሰብን። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለበስን። ጋሼ አንኳኩ። የትናንት የፀጉር ሥራዋ ሳይፈርስ ከፈተችና «እንኳን ደስ አለሽ ልትሉኝ ነው በዚህ ጠዋት?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ነጠላችንን አየች።

ጩኸቷን አልጽፈውም።

ረፋዱ ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ወደ እኔ ዞረች።

«መቼ ሰማሽ?»

«ሐሙስ።»

«ስዘፍን ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ሰዉም?»

ጋሼ ክፋት ሳያስቡ፣ የሚያጽናኗት መስሏቸው፣ «ልጄ፣ ቅዳሜ ይለፍላት ብላ የለመነችልሽ እኮ እሷ ናት» አሏት።

ጓደኛዬ ሃያ ዓመት ታውቀኛለች፤ ለምን እንደለመንኩ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ዕቃ ላጥብ ወጥ ቤት ገባሁ። በማግስቱም እዚያው ዋልኩ፤ ወጥ ቤት ከገባ ሰው ፊቱን የሚያየው የለም።

ማክሰኞ ሳህን እያጠብኩ ከቴሌቪዥኑ ተደወለልኝ።

«እሷ ዊዝድሮው አድርጋለች፣ ከውድድሩ ወጥታለች። በደንባችን ለፍጻሜው አንቺ ነሽ የምትገቢው። አር ዩ ኢን?» አለኝ አዘጋጁ።

ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቷል። በሩ ክፍት ነው። እምቢ ለማለት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር።

«እሺ፣ እመጣለሁ» አልኩት።

ዞር ስል ባዶ ብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ገባችና ብርጭቆውን ከሚታጠቡት ሳህኖች አጠገብ አስቀመጠችው።

«ሂጂ ዝፈኚ» አለችኝ፣ በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ። «እኔን ግን አላሸነፍሽኝም።»