IX ስንት ነው?

ፒያሳ አዲስ ካፌ ውስጥ የሮማ ቁጥር ያለው የግድግዳ ሰዓት ሳይ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አባባ እዚሁ ፒያሳ ሰዓት ሠሪ ነበር። ትንሹ ቆጣሪ IX ላይ ሲደርስ «ሦስት ሰዓት» እንደሚባል ያስተማረኝ እሱ ነው። አራተኛ ክፍል መምህሬ ሰሌዳ ላይ IX ጽፎ «ስንት ነው?» ሲለኝ፣ ኮራ ብዬ «ሦስት» አልኩ። «ዘጠኝ ነው፣ ደደብ» ብሎ መዳፌን በማስመሪያ ገረፈኝ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ ያበጠውን እጄን ይዞ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፤ ሰዓት ማንበብ እንጂ ቁጥሩን አላስተማርኩሽም» አለኝ። ግርፊያው አልፏል። አባባ ጥፋቱን መውሰዱ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ያ ሰውዬ እኮ እኔን ገርፎ እንደጨረሰ፣ ባለ ሮማ ቁጥር የእጅ ሰዓቱን አየት አድርጎ፣ «ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ ደብተራችሁን ሰብስቡ» ነበር ያለው።