የላላው ቤዝና የልጄ ቫልቮች

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የዓሣ መረብ ማስቀመጫ ነበር። መረቡ ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ግድግዳውን አልለቀቀም። መስኮት የለውም። ጣና ቅርብ እንደ ሆነ የማውቀው ጧት ጧት ባለታንኳዎች ሲጠራሩ ስሰማ ነው። ሌላ ሴት እስረኛ ስላልነበረች ብቻዬን ነበርሁ። ዳዊቴን ቤት ትቼ ስለ መጣሁ በቃሌ የማውቀውን እደግማለሁ። የረሳሁት ቦታ ላይ ስደርስ የሚያስታውሰኝ ሰው አልነበረም።

ለእስራት ያበቃኝ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ልጄ ፋብሪካ እየሠራ በትርፍ ጊዜው ጊታር ይጫወት ነበር፤ የጊታሩን ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየሩንም የሚያበጀው ራሱ ነው። በሣጥኑ ውስጥ በጥጥ ጠቅልሎ ያስቀመጣቸው ቫልቮች ነበሩ፤ አምፖል የሚመስሉ፣ ሲሞቁ ውስጣቸው የሚቀላ የመስታወት ዕቃዎች። ልጄ አንድ ቀን ወደ ሥራ እንደ ወጣ ቀረ። ቤቴን ሊፈትሹ የመጡት ሰዎች ሣጥኑን ከአልጋው ሥር አገኙና የሬድዮ መልእክት ማስተላለፊያ ነው አሉ። ለጠላት ወሬ ታቀብያለሽ አሉኝ። በዚያ ዘመን በዚህ የተከሰሰ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር።

መርማሪው ወጣት ነው። አይጮህም። በጠየቀኝ ቁጥር "የጊታር ዕቃ ነው" እለዋለሁ። በመጨረሻ ሰልችቶት ይሁን አላውቅም፣

"እንግዲያው አሳዪን" አለኝ። "የቀበሌው ኪነት ቡድን፣ የአምፕሊፋየራችን ቤዝ ተበላሸ እያለ ያላዝናል። የጊታር ዕቃ ከሆነ ድምፁ ይዳንበት። ካልዳነ ግን ከእንግዲህ የምትይውን አልሰማም።"

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ወሰዱኝ። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋው። ሣጥኑ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቷል። ይዞኝ የመጣው ዘበኛ ጨዋታ አዋቂ የዱርቤቴ ሰው ነበር። ወደ ቫልቮቹ አጎንብሶ፣

"እትዬ፣ ይህን ሁሉ ብርጭቆ አረቄ ሻጭ ቢያገኘው፣ መለኪያ ተሰበረብኝ ብሎ አያለቅስም ነበር" አለኝ። ከታሰርሁ ወዲህ ፈገግ ያልሁት ያን ጊዜ ነው።

ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጎፈሬያም ጎልማሳ ነበር። ቀና ብሎ አያየኝም። አንድ ጊዜ ክሩን ሲመታ ችግሩ ገባኝ። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ግን ልል ነው፣ ክረምት እርጥበት የገባበት ከበሮ ይመስላል። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። በዓል ሲደርስ ከበሮው ፀሐይ ላይ ሲሰጣ እያየሁ ነው ያደግሁት። ቆዳው ሳይደርቅ ከተመታ አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል።

ልጄም ቫልቭ በቀየረ ቁጥር ማድ ቤት ድረስ መጥቶ ይጠራኝ ነበር። "እማዬ፣ የትኛው ይጠብቃል? የእኔስ ጆሮ ለመደው" ይለኛል። በመስታወቱ ላይ የተጻፈውን የፈረንጅ ፊደል ማንበብ አልችልም። የማውቃቸው በቅርጻቸው ነው። ከኋላ ከሚቆሙት ከትልልቆቹ፣ ወገባቸው እንደ ጠርሙስ የሰረጎደ ቫልቮች ድምፁን ያላሉታል፤ ቀጥ ያሉት ይሰበስቡታል። ይህ በልጄ አምፕሊፋየር ነው። በሌላ ሰው አምፕሊፋየር እንዴት እንደሚሆን ማን ያውቃል?

ውስጡን ሳየው የቆሙት ባለወገቦቹ ነበሩ። እስኪበርዱ ጠብቄ በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ነቀልኋቸው። ከሣጥኑ ሁለት ቀጥ ያሉ መረጥሁ፤ እግራቸው ከቀዳዳው መግጠሙን አይቼ ተከልኋቸው። ማብሪያውን ተጫኑት። ምንም ድምፅ የለም።

"ገደልሽው" አለ መርማሪው።

"ይታገሡ፣ እስኪሞቅ ነው" አልሁት። በዕድሜ ልጄ ነው፤ አንተ ለማለት ግን አልደፈርሁም።

ውስጣቸው ቀስ እያለ ቀላ። ልጄ "መሐሉ ይቅላ፤ ዙሪያው ያለው ብረት ከቀላ ግን ቶሎ አጥፊው፣ ይቃጠላል" ይለኝ ስለነበር ዓይኔን አልነቀልሁም። በልቤ "አቤቱ" እላለሁ። የቀረው ጸሎት ሁሉ ጠፋብኝ። ብረቱ አልቀላም።

ተጫዋቹ ዝቅ ያለውን ክር ደጋግሞ መታ። ለእኔ ጆሮ ጠብቋል። ነገር ግን እውነት ይሁን ምኞቴ፣ ራሴን አላመንሁትም። መርማሪው ወደ ተጫዋቹ ዞረ።

"ለውጥ አለው?"

ተጫዋቹ በሰላይነት ለተጠረጠረች ሴት መመስከር ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። "እኔ እንጃ" ቢል የሚወቅሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ ደግሞ መታና መዳፉን ክሩ ላይ አሳረፈ። ድምፁ እዚያው ቆመ።

"አለው፣ ጓድ" አለ። "ልል ነበር፤ ጠበቀ። የጊታር ዕቃ ነው።"

መርማሪው ሲጋራ ለኮሰ።

"ደህና። እንግዲህ ሁሉንም በፈቃዴ ለአብዮቱ ሰጥቻለሁ በይ።"

"መውሰድ ትችላላችሁ" አልሁት። "ሰጠሁ ግን አልልም። የእኔ አይደሉም፤ የልጄ ናቸው።"

"ልጅሽ የት ነው?"

"ካወቃችሁ ንገሩኝ።"

ዘበኛው መሬት መሬቱን አየ። የቀሩትን ቫልቮች አንድ በአንድ በየጥጣቸው ጠቅልዬ ሣጥኑን ከደንሁት። ያዘዘኝ የለም፤ የከለከለኝም የለም። ከዚያ ወደ ክፍሌ መለሱኝ። ሰንበትበት ብሎ፣ አንድ ጧት በሩን ከፍተው "ሂጂ" አሉኝ። ተመስገን ብዬ ወጣሁ።

ዛሬ እግሬ ደክሟል፤ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ግን አላቋረጥሁም። ያን ተጫዋች ዳግመኛ አላየሁትም። እሱን በጸሎት እንዲያስቡልኝ ለቄሱ ስነግራቸው፣ "ስመ ክርስትናው ማን ነው?" ይሉኛል። "አላውቀውም፣ አባቴ፤ ፈጣሪ ያውቀዋል" እላቸዋለሁ። ያለ ስም ያስቡልኛል።

የልጄን ስም ግን ነግሬያቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከሕያዋን ጋር ላንሣው ወይስ ከሙታን ብለው ጠየቁኝ። "ከሕያዋን" አልኋቸው። ከዚያ ወዲህ አልጠየቁኝም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።