የፈድሊያ አቦል

ፈድሊያን የማያውቅ የቦሳ ኪቶ ሰው ካለ እሱ ትናንት የመጣ ነው። እኔ፣ ትርፌ፣ መጋዘን ውስጥ ከእሷ ጎን ተቀምጬ ቡና ስለቅም ነው ያረጀሁት፤ ከአንቺ በላይ አውቃታለሁ የሚለኝ ሰው ቢመጣ አልሰማውም። የሰርቦ ልጅ ናት፤ ጅማ የመጣችው ለነዚፍ ተድራ ነው። ጣቶቿን ባያችሁልኝ! እኔ አንድ የተነቀዘ ፍሬ እስካነሳ እሷ እፍኙን አጥርታ ጨርሳለች። እየለቀመች ታወራለች፣ እያወራች ትስቃለች።

የ1970 ክረምት ግን እነዚያ ጣቶች እምቢ አሉ። ነዚፍ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ዘምቷል። ቤት የቀሩት ልጆቿና የባሏ አባት አባቦራ ናቸው፤ የሚያበላቸው የእሷ ጣት ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የመጋዘን ሲሚንቶ ላይ ነው የምንቀመጠው፣ ያውም በጅማ ዝናብ። መጋጠሚያዋ ሁሉ አበጠ፤ ጠዋት ጠዋት የአንዱን እጅ ጣት በሌላው እየሳበች ነበር የምትዘረጋው። የለቃሚዎቹ አለቃ ካቦው መጣና "ፈድሊያ፣ መስከረም ሲጠባ እጅሽ ካልዳነ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ" አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱንም ከበላይ ይጠይቁታል። እሷ "ኢንሻአላህ" ብላ ወደ ለቀማዋ አቀረቀረች። ደሜ የፈላው እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ከቻይና የመጡ ሐኪሞች ጅማ ሆስፒታል ነበሩ። ጎትቼ ወሰድኳት። የእኛ ሐኪም ዶክተር ሸን የሚባል ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛውን ድሬሰሩ ሣህሉ ያስተረጉምልናል። ሦስት ጣቱን እጇ አንጓ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። አንዱን እጅ ሲጨርስ ደግሞ ሌላውን ያዘ።

"ተኛ እንዴ?" ብዬ ሣህሉን ጎሸም አደረግኩት።

"የደም ሥሯን እያዳመጠ ነው፤ ዝም በይ" አለኝ።

ምላስሽን አውጪ ሲላት ፈድሊያ በሻሿ አፏን ሸፈነች። "ወላሂ አላወጣም! ባዳ ወንድ ፊት?" በስንት ልመና ጫፉን ብቻ አሳየችው። አየና ብርድና እርጥበት መጋጠሚያዋ ውስጥ ገብቶ ደሟን እንደልቡ እንዳይሄድ አግዶታል አለ። "እኛስ ብርድ መታት አላልንም?" አልኩ። ለካስ ቻይናም ብርድ ያውቃል!

ከዚያ መሳቢያ በመሳቢያ እየከፈተ፣ በትንሽ ሚዛን እየመዘነ፣ ቅርፊትና ሥር ወረቀት ላይ ይከምር ጀመር። እኔ ያወቅኩት ቀረፋውንና ደረቁን ዝንጅብል ነው፤ ሌላው ለእኔ ማገዶ ነው። ሣህሉ ሲያስረዳን አንዱ ሥር ሊቀመንበር ነው፣ ብርዱን የሚያባርረው እሱ ነው፤ ሌሎቹ ኮሚቴዎቹ ናቸው፣ ያግዙታል፤ አንዱ መድኃኒቱን ወደ እጇ ይመራዋል፤ ይሄ ጣፋጩ ደግሞ እርስ በርስ እንዳይጣሉ ያስታርቃቸዋል አለን። ሐኪሙ ንጉሥና ሚኒስትሮች ብሎ እንደነበር ሣህሉ የነገረን ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ያኔ ንጉሥ ብሎ ማን በሰላም ቤቱ ይገባል!

ትእዛዙ ግልጽ ነበር። ብረት አይንካው፤ በሸክላ ዘፍዝፈሽ ቀቅዪው፤ ያንን አጥልለሽ ደግመሽ ውሃ ጨምረሽ ቀቅዪ፤ ሁለቱን ቀላቅለሽ ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ማታ ጠጪ። ፈድሊያ ሁሉንም በደንብ ሰማች።

ሳምንታት አለፉ። ጣቷ ግን ያው ነው። ሐኪሙ የደም ሥሯን እየያዘ ራሱን ይነቀንቃል፤ ቅመማውን ይቀያይራል፤ ምንም የለም። ነሐሴ ተጋመሰ፤ ካቦው በእኛ በኩል ሲያልፍ ፈድሊያ እጇን ነጠላዋ ሥር ትደብቃለች። ሌሊት ስታለቅስ እንደምታድር ዓይኗ ይናገራል።

አንድ ጠዋት ታዲያ አባቦራን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ያ የማይለያቸው ከዘራ የለም! ቀጥ ብለው ይራመዳሉ።

"አባ፣ ከዘራዎትስ?" አልኳቸው።

"ተውኩት ልጄ። አልሐምዱሊላህ፣ ጉልበቴ ተፈታ" አሉኝ።

አንድ ነገር ጠረጠርኩ። በማግስቱ ሳላስነግር ፈድሊያ ቤት ገባሁ። ምን ባይ ጥሩ ነው? የቻይናው መድኃኒት ጀበና ውስጥ ይንተከተካል! በሸክላ ተብላለቻ፤ ክዳን ያለው ሸክላ ቤቷ ያለው ጀበና ነው። አቦሉን አባቦራ ይዘዋል። ቶናውን ጎረቤቶቿ ዙሀራና መድና ፊታቸውን እያጨማደዱ ይጠጣሉ። ያን ሰሞን ደህና ቡና ወደ መጋዘን ሄዶ በየቤቱ የቡና ገለባ ነበርና የሚፈላው፣ የጀበና ወሬ የሰማ ሁሉ ይመጣል። የእኔዋ ጉድ ማንም የማይፈልገውን በረካ ለራሷ ቀድታ ፉት ትላለች!

"አንቺ! አብደሻል?" ብዬ ጮህኩ።

"ታዲያ አባ ተቀምጠው እኔ አቦል ልጠጣ? ጎረቤት እያለ ከጀበና ብቻዬን ልቅዳ? ኧረ ነውር ነው፣ ትርፌ!"

አባቦራ ሲኒያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። "ይሄ ለእሷ ብቻ የተሰጠ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ለደም ሥሯ ተመዝኖ የተሰጣት እንደሆነ፣ ካልዳነች ደግሞ ካቦው ምን እንዳለ ነገርኳቸው። ስለ ካቦው አልነገረቻቸውም ነበር። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ፤ ዙሀራ "ያ ረቢ!" ብላ አፏን ያዘች።

በማግስቱ ስመጣ አባቦራ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። በዕድሜያቸው ጀበና ነክተው አያውቁም፤ ሐኪሙ እንዳዘዘው የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን እሳቸው ቀላቀሉት። በትልቅ ጽዋ ሞሉና በሁለት እጃቸው ለምራታቸው አቀረቡላት። "ዱጊ፣ ኢንተላ ኮ" አሉ፤ ጠጪ ልጄ ማለታቸው ነው። ፈድሊያ በሻሿ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ዙሀራና መድናም ብቻዋን እንዳትጠጣ ከየቤታቸው የቡና ገለባ አፍልተው ይዘው መጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ እሷ መድኃኒቷን፣ እኛ ገለባችንን እየጠጣን ከረምን። እግዜር ይስጣቸው፤ እንዲህ ዓይነት ጎረቤት ዛሬ የት ይገኛል!

ጣቶቿ ተራ በተራ ተፈቱ። መስከረም ሲጠባ እጎኔ ተቀምጣ ስትለቅም ካቦው ቆሞ አያትና ቦታዋን ሳይነካባት አለፈ። ሐኪሞቹ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ፈድሊያ አንድ አንድ እያየች የለቀመችውን ቡና በጨርቅ ቋጥራ ለዶክተር ሸን ወሰደች። ሰውየው ቋጠሮውን ትቶ በፊት ጣቷን ነው ያየው፤ ከዚያ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ነዚፍም በሰላም ተመለሰ። አባቦራ ግን ከዚያ ወዲህ በቤታቸው አቦል ቀምሰው አያውቁም፤ ቡና ሲፈላ "ለፈድሊያ" ይላሉ፤ እሷ እየተሽኮረመመች ትቀበላለች። ሊሞቱ ሲሉ አልጋቸው አጠገብ ነበርን። ፈድሊያ አቦሉን ቀድታ "ዛሬስ ለእኔ ሲሉ፣ አባ" ብላ ለመነቻቸው። ሲኒውን አልተቀበሉም። በደከመ እጃቸው እጇን ያዙና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፉ፤ መልሰው አንድ በአንድ ዘረጉ። ሁሉም እሺ ብለው ሲዘረጉላቸው "አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ጠጥቻለሁ" አሉ።