ባዶ ነው ያልኩት ሜዳ

ከኦሞ ወንዝ ማዶ፣ ካንጋተን ላይ ትምህርት ቤት ለመሥራት ጨረታ ያሸነፈ የጂንካ ሥራ ተቋራጭ ጉዳይ አስፈጻሚ አድርጎ ቀጠረኝ። ሥራዬ ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ መሮጥ ነበር። ጂንካ ተወልጄ ስላደግሁ የደቡብ ኦሞን መሬት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ኦሞን እስከዚያ ድረስ የተሻገርኩት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱንም በጀልባው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ።

ለግንባታ ፈቃዱ አንድ ፊርማ ሲቀረኝ ወደ ባህል ቢሮ ላኩኝ። ሸምገል ያሉት ኃላፊ፣ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት መሬቱ ውስጥ ቅርስ መኖር አለመኖሩ በባለሙያ መፈተሽ አለበት አሉኝ።

«ባዶ ሜዳ እኮ ነው፤ ምንም የለበትም» አልኳቸው።

«በምን አወቅህ?»

«ሄጄ አይቼዋለሁ።»

«ስንት ሰዓት ቆየህ?»

«አሥር ደቂቃ ያህል» አልኩ። ኃላፊው ባለሙያ እንዲላክ ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ካንጋተን ላይ አንዲት ቀጭን ወጣት ከጀልባ ወረደች። ሻንጣዋን እየተቀበልኳት «ባለሙያው መቼ ይደርሳል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ደርሷል» አለችና ሻንጣዋን መልሳ ወሰደች።

ሜዳው ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ የሙከራ ጉድጓዶች እያስቆፈረች አፈሩን በወንፊት ትነፋለች። እኔ ግራር ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ደብዳቤዎቼን አደራጃለሁ። በሁለተኛው ቀን አራተኛው ጉድጓድም ባዶ ሆነ። «ብዬሽ ነበር» ልላት ተዘጋጅቼ ስጠብቃት መጣች፤ ነገር ግን እኔን አላየችኝም። ነፋስ እንዳይወስድብኝ ወረቀቶቼ ላይ የጫንኳትን ድንጋይ አንስታ ጠርዟን በጣቷ ዳሰሰች።

«ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከዚሁ ሜዳ።»

«ከየት በኩል?»

ትናንት ነው ያነሳሁት፤ ቦታውን ግን አላስታወስኩም። ድንጋዩ በጥንት ዘመን ሰው ጠርቦ የሠራው መሣሪያ እንደሆነ ነገረችኝ። «የተነሳበት ቦታ ካልታወቀ ግን ብዙ አይነግረንም» አለች፣ በቀስታ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አጎንብሼ ሜዳውን ዞርኩ። ድንጋይ ሁሉ ያንን መሰለኝ። ሦስት ተሸክሜ ብወስድላት «እባክህ፣ ከእንግዲህ ምንም አታንሳ» አለችኝ።

የቦታው ጥበቃ፣ አንድ የኛንጋቶም ብሔረሰብ አዛውንት፣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ነበር የዋሉት።

«ምን ጠፋብህ?» አሉኝ።

«ትናንት ድንጋይ ያነሳሁበት ቦታ፣ አባቴ።»

«አንተ ትናንት ሽንት ሄድክ። እዚያ፣ ቁጥቋጦ ጋ። ስትመለስ ድንጋይ ይዘሃል።»

ባለሙያዋ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁ። አምስተኛው ጉድጓድ ቁጥቋጦው አጠገብ ተቆፈረ። ጥልቀቱ ጉልበት ሳይደርስ የተጠረቡ ድንጋዮች ተከታትለው ወጡ። አንዷን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ሰዎች እዚህ ተቀምጠው ሲሠሩ ነበር» አለች። ጠርዟ አሁንም ስለታም ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከዚያ ፈቀቅ ብሎ እንዲሠራ ተወሰነ። ንድፉም፣ ደብዳቤውም፣ ፊርማውም እንደ አዲስ ስለተጀመረ ቢሮዎቹን አንድ በአንድ ደግሜ ዞርኳቸው። ጂንካ ላይ ለባልደረቦቼ የጥንት ሰዎች መሥሪያ ቦታ ማግኘቴን በኩራት አወራሁ። እንዴት እንዳገኘሁት ሲጠይቁኝ «በረጅም ጥናት» አልኳቸው።