በመስኮት ያየሁት የገለምሶ መደርደሪያ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጭሮ መናኸሪያ ደርሼ የገለምሶ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ብሎጌን የምትከታተሉ ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ስልክና ስለ ዕለት ኑሮ እንደምጽፍ ታውቃላችሁ። የዚህ ጉዞ ዓላማ ግን ይቅርታ መጠየቅ ነበር።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ መምህር ነኝና ልማዴ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ለሥልጠና ገለምሶ ሄጄ ሳለ፣ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ በአንዲት የንባብ ክፍል ደጃፍ አለፍኩ። ተቆልፋለች። በመስኮቷ ሳይ መደርደሪያዎቹ ባዶ ናቸው። ፎቶ አነሳሁና እዚያው ቆሜ "እዚህ ከተማ መጽሐፍ የሚገልጥ እጅ የለም" ብዬ ለጠፍኩ። ከጽሑፎቼ ሁሉ ሰው አብዝቶ የተቀባበለው እሱን ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።

በዚህ ሳምንት አንድ የገለምሶ አንባቢ መልእክት ላከልኝ። ቀበሌው ፎቶዬን አይቶ ክፍሏን መጋዘን ሊያደርጋት ነው፤ ሰኞ ይወሰናል። መጽሐፎቹ ያልነበሩት ሰው ተውሷቸው ነው። መልእክቱን እንደጨረስኩ ጽሑፉን አጠፋሁት። ማጥፋት መፍትሔ መስሎኝ ነበር።

በደሳ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ

ወደ ቁኒ የሚወስደው ዳገት ጉም ለብሶ ነበር። ግራና ቀኙ የጫት እርከን ነው፤ ዝቅ ሲል ማሽላ፣ ወደ በደሳ ሲቀርብ ደግሞ ቡና። በደሳ ላይ ሾፌሩ ለሻይ አቆመ። ሁለት ሳምቡሳና አንድ ሻይ ወሰድኩ፤ ሳምቡሳው በምስር ተሞልቶ ቃሪያ የበዛበት ነው።

ስንነሳ አንዲት ሴት ሽንኩርት ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ስማቸውን ብጠይቅ ዘይነባ እባላለሁ አሉኝ። ቦታ ስለጠበባቸው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ጭኔ ላይ አስቀመጡ። መጽሐፍ ነው። ገለምሶ ገበያ ሲሄዱ የሚመልሱት፣ ልጃቸው ማታ ማታ እያነበበችላቸው የጨረሱት። ስለ ንባብ ክፍሏ ሳልጠይቃቸው አወሩልኝ፤ ከዚያም ስለ እኔ።

"አንዲት የጭሮ ልጅ በመስኮት አይታ ጻፈች አሉ" አሉ። "በጁምዓ ሰዓት። ክፍሏን የሚይዙት ኦቦ ጁነዲን መስጊድ ሄደው ነዋ። ጭሮ አድጋ ይህን አታውቅም?"

"ሳታውቅ ይሆናል" አልኩ።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እስከ ገለምሶ ድረስ መጽሐፋቸውን አቅፌ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ጠየቅኳቸው።

ገለምሶ፣ አራት ሰዓት ተኩል

የክፍሏ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና ያ መደርደሪያ አለ። አራት መጽሐፍ ቆሞበታል። ኦቦ ጁነዲን ጡረታ የወጡ የጤና ረዳት ናቸው፤ ጠረጴዛው ላይ ደብተር ዘርግተው ገበያተኛውን ይጠብቃሉ። ደንባቸው ቀላል ነው፤ በገበያ ቀን ይወስዳሉ፣ በገበያ ቀን ይመልሳሉ። የጫት ሻጩም የቡና ሰብሳቢውም መጽሐፉን ከዕቃው ጋር ጭኖ ይሄዳል።

ያንን ጽሑፍ የጻፍኩት መምህርት እኔ መሆኔን ከነስሜ ነገርኳቸው። ከበስተኋላዬ የወይዘሮ ዘይነባ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ደርሰው ኖሯል።

"ስሜን ጠይቀሽ ስምሽን ደበቅሽኝ" አሉ በቀስታ። ከዚያም ፊታቸውን አዙረው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ኦቦ ጁነዲን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በወተት የተፈላ የቡና ገለባ፣ ሆጃ፣ ቀዱልኝ።

"ባርሲስቱ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ መምህርት ማለታቸው ነው። "መደርደሪያው ሲሞላ ነው እኔ የምደነግጠው። መጽሐፍ እዚህ ከከረመ ሰው ትቶታል ማለት ነው።"

ጽሑፉን እንዳጠፋሁት ነገርኳቸው። ደብተሩን ወደ እኔ አዞሩት። አንድ ሰው ጽሑፌን አትሞ አምጥቶላቸው ኖሮ፣ እንደ መጽሐፉ ሁሉ መዝግበው ያውሱታል። ከስሩ የተዋሱት ሦስት ሰዎች ስም አለ። የመጨረሻው የመቻራ ቡና ሰብሳቢ ነው፤ ገና አልመለሰም።

"አንቺ ዘንድ ጠፍቷል፤ እኛ ዘንድ ውሰት ላይ ነው" አሉ።

ይቅርታዬን ለእሳቸው ብቻ መንገሬ እንደማይበቃ አስረዱኝ። የተሰደቡት አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ናቸው፤ የሰሙትም በወሬ ነው። ስለዚህ ስልኬ ላይ የቀረውን የዚያን ጽሑፍ ረቂቅ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አማርኛ ለማይሰሙት ደግሞ በኦሮምኛ እንድመልሰው። በየቀኑ ስልሳ ተማሪ ፊት የምቆም ሰው፣ ሰባት ገበያተኛ ፊት ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። "መጽሐፍ የሚገልጥ እጅ የለም" የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ፊት ለፊቴ መጽሐፍ የያዙ እጆች ነበሩ፤ አንዱ በጫት ቅጠል የጠቆረ፣ አንዱ ሽንኩርት የሚሸት።

"ኦሮምኛው ጠፋብሽ?" አሉ ወይዘሮ ዘይነባ።

"አልጠፋኝም።"

"እንግዲያው ጨርሺው።"

ጨረስኩት። የሳቀ የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ስጽፍ ከቆምኩበት መስኮት እስከ በሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቆጠርኩላቸው፤ አምስት ነው።

ከዚያ ከኦቦ ጁነዲን ጋር ወደ ቀበሌው ሄድን። ሊቀመንበሩ ቢሮ ነበሩ። ወደ ክፍሏ ሳልገባ እንደጻፍኩ ተናገርኩ፤ ይህንኑ በወረቀት አስፍሬ ፈረምኩ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"እኛም ወደ ክፍሏ አልገባንም፤ ፎቶው በቃን" አሉ። ደብተሩን ሰኞ ለጉባኤው እንዲያቀርቡላቸው ለኦቦ ጁነዲን ነገሯቸው። ከዚህ በላይ ቃል አልገቡም።

ጭሮ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት

ከመመለሴ በፊት ኦቦ ጁነዲን ከቀሩት አራቱ አንዱን እንድዋስ ጠየቁኝ። ሥራ ይበዛብኛል አልኩ። ገበያተኛው ሁሉ ሥራ እንደሚበዛበት ነገሩኝና ደብተሩ ላይ ስሜን ጻፉ። ስለ ንብ እርባታ የሚያስረዳ መጽሐፍ ደረሰኝ። ወይዘሮ ዘይነባ መጡና የራሳቸውን ፌስታል ሰጡኝ፤ መንገዱ አቧራ ስለሆነ ጠቅልዬ እንድይዘው። ይቅር አላሉኝም፤ ለመጽሐፉ ነው የሰጉት።

ቤት ስገባ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ወደ ብሎጌ መለስኩት። ከላዩ ይህን ማስታወሻ አስቀደምኩ፤ ፎቶውን ከውስጡ አወጣሁ። ለተማሪዎቼ ዘወትር "ምንጫችሁን አረጋግጡ" እላለሁ። ማረጋገጥ ማለት አንዳንዴ አምስት እርምጃ መራመድ፣ በሩ ቢቆለፍም ባለቤቱ ከጸሎት እስኪመለስ መጠበቅ መሆኑን የተማርኩት ግን አሁን ነው፤ ዋጋውን ሌሎች ከከፈሉበት በኋላ።

መጽሐፉ ጠረጴዛዬ ላይ በፌስታሉ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የፊታችን ቅዳሜ መመለስ አለብኝ። የምመልስበት በር ክፍት ይሆን እንደሆነ ግን ገና አላውቅም።