አባባ ዳምጤ የሰረዟቸው መስመሮች

ልጅ ሳለሁ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ በነበረው ግቢያችን፣ አመሻሹ ላይ አባባ ዳምጤ ደጃፋቸው ላይ ከሰል አያይዘው ይጠብቁን ነበር። ያኔ እኛ የግቢው ልጆች ተረት ልንሰማ የምንሄድ ይመስለን ነበር እንጂ፣ ሽማግሌው የጥንት ግሪኮችን ፍልስፍና ወደ አማርኛ ሲመልሱ መሞከሪያቸው እኛ መሆናችንን አናውቅም ነበር። ግሪክኛ የጀመሩት በወጣትነታቸው፣ ፒያሳ አንድ ግሪካዊ ዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ሲሠሩ ነው፤ የጥንቱን ግን ብቻቸውን በመዝገበ ቃላት ሲታገሉት አረጁ።

በኩራዝ ብርሃን ከደብተራቸው ያነቡልናል። ካዛጋን እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ ያወርዱና መስመሩን ይሰርዙታል። አንድ ምሽት፣ ሦስቴ ሰርዘው የጻፉትን አነበቡ፦ «ማንም አላየኝም ብሎ የሰረቀን ሰው፣ ራሱ አይቶታል።» ከእናቴ ቁምሳጥን የወሰድኩት ስኳር እጄ ውስጥ ነበር። ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

«ይቺ ገባች!» አሉ እየሳቁ፤ ከሥሯ አሰመሩባት።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ደብተሮቹን አንድ የተማረ ዘመዳቸው ወሰደ። ባለፈው ወር ጊዮርጊስ አጠገብ ካለ መጻሕፍት ቤት ትርጉማቸውን ታትሞ አገኘሁት። ደስ ብሎኝ የኔን መስመር ፈለግኩ። «ታዛቢ-አልባ በሆነ ዐውድ የሚከወን የስርቆት ድርጊት ከከዋኙ ኅሊናዊ ንቃት ውጪ አይደለም» ይላል። እኛ አዛግተን ያስወጣነውን ሁሉ መልሶ ከቶታል!

ለዘመዳቸው ደወልኩለት።

«ፍልስፍና እኮ ነው» አለኝ። «እንደ ተረት ሊወራ ነው እንዴ?»

«አዎ! ለዛ ነው የደከሙት! ደብተሮቹስ የት አሉ?»

«ከታተመ በኋላ ምን ያደርጋሉ? የድሮ ቤቴ ሲፈርስ እዛው ቀሩ።»

ጆሮው ላይ ዘጋሁት። እስካሁን ደሜ ይፈላል። የአንድ ሰው ዕድሜ እኮ ነው፣ አዋቂ መስሎ ለመታየት ሲባል ፍርስራሽ ውስጥ የተጣለው።

አሁን ማታ ማታ መጽሐፉን ለልጄ አነብላታለሁ፤ ስታዛጋ በእርሳስ እሰርዛለሁ። ትናንት የኔን መስመር እሳቸው እንዳሉት አድርጌ ነገርኳት። ከቦርሳዋ የኔን ሊፒስቲክ አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

ይቺም ገባች። ገጹ ግን ከላይ እስከ ታች ተሰርዟል፤ በቦታው የምጽፈው የለኝም። ከዚያ ሁሉ ምሽት የማስታውሰው ያቺን አንዷን መስመር ብቻ ነው።