ምሳሽን ከማን ጋር ትበያለሽ?

እንጅባራ በመምህርነት ተመድቤ ብቻዬን ስኖር የምግብ ፍላጎቴ ጠፍቶ ከሳሁ። ያደረግሁት የደም ምርመራም ምንም አላሳየም። በዚያ ሰሞን በስልኬ አንድ የሐኪሞች ድራማ እከታተል ነበር። ሐኪሞቹ ግራ የሚያጋባ በሽታ ሲገጥማቸው ተሰብስበው ይከራከራሉ፤ የበሽተኛውን ቤት ሳይቀር ሄደው ይፈትሻሉ። በበሽተኛው እቀና ነበር፤ እኔ ቤት ዝር የሚል ሰው አልነበረም።

በኋላ ዳንግላ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ሄድኩ። ውጤቴን አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ ምሳሽን ከማን ጋር ትበያለሽ?» አሉኝ።

«ብቻዬን» ስል እንባዬ ቀደመኝ።

«እንግዲያው መድኃኒት አላዝልሽም። ከሰው ጋር ብዪ።»

በሚኒባስ ተመልሼ የአከራዬን በር አንኳኳሁ። ግምጃ ቤት ወደምትባለው ጎረቤት ከተማ ገበያ ሄደው ገና አልተመለሱም ነበር። ክፍሌ መግባት አስጠላኝና ደጃቸው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው።